ቀለበቱ ላይ የትኛው ፈርጥ ይቀመጥ? አልማዝ ለመግዛት ለሚያመነታ ሰው

ለእጮኛው ግማሽ ካራት አልማዝ ሊገዛ የተነሣ ሰው ከሕንድ ከተገኘው ዝነኛ አልማዝ ከኮሂኑር ጋር ምን አገናኘው ይባል ይሆናል። ብዙ ያገናኘዋል። አልማዝ አይበላ፣ አይጠጣ፤ ለመቁረጫና ለመሰርሰሪያ የሚያገለግለው ዓይነትም ቀለበት ላይ አይውልም። ጣት ላይ የሚቀመጠው ፈርጥ ዋጋ የሚያወጣው ስለ እርሱ በሚነገረው ታሪክ ነው። ታሪኩን ያቆሙት ደግሞ በነገሥታት ዘውድና በሙዚየም መስታወት ውስጥ የምናያቸው ጥቂት ታላላቅ ድንጋዮች ናቸው። ስለዚህ አማራጮቹን ከማወዳደራችን በፊት ገንዘባችን ለየትኛው ታሪክ እንደሚከፈል ማወቅ ይበጃል። ከዚህ በታች ሁሉንም የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሻጩ ስለ ድንጋዩ የሚናገረው ነገር ሊረጋገጥ ይችላል ወይስ በእምነት ብቻ የሚወሰድ ነው? ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ትልልቆቹ ድንጋዮች ምን ይሸጣሉ?

ኮሂኑር ዛሬ 105.6 ካራት (ለፈርጥ ካራት ክብደት ነው፤ አንዱ 0.2 ግራም) ሆኖ በለንደን ግንብ ውስጥ ተቀምጧል። ወደዚያ የሄደው በሽያጭ አይደለም። እንግሊዞች በ1849 ፑንጃብን ድል አድርገው ሲይዙ ባዘጋጁት የላሆር ውል ውስጥ፣ ድንጋዩ ለንግሥት ቪክቶሪያ እንዲሰጥ የሚያዝ ራሱን የቻለ አንቀጽ አስገቡ። ውሉ የታሰረበት ማሃራጃ ዱሊፕ ሲንግ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ሲቀርብ እንደተወራለት ሳያብረቀርቅ በመቅረቱ፣ በቀጣዩ ዓመት እንደገና ተጠረበና ከ186 ካራት ወደ አሁኑ መጠኑ ወረደ። ሕንድና ፓኪስታን እስከ ዛሬ ይመለስልን ይላሉ። በ2023 ንግሥት ካሚላ ዘውድ ሲደፉ ኮሂኑር ያለበትን ትተው የንግሥት ሜሪን ዘውድ መረጡ። ያኛውም ቢሆን ከደቡብ አፍሪካው ኩሊናን የተጠረቡ ድንጋዮች ተሰክተውበት ነበር።

ይህ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ከላሆር ውል 19 ዓመት በኋላ የዚያችው ንግሥት ጦር ከመቅደላ የወሰደው የወርቅ ዘውድ ዛሬም በስሟ በተሰየመው የለንደን ሙዚየም ውስጥ አለ። ሻጭ «የነገሥታት ድንጋይ» ብሎ ሲያሞግስ ነገሥታቱ እጅ እንዴት እንደገባ መጠየቅ ከማንም በላይ እኛን ያምርብናል።

ኩሊናን በ1905 ፕሪቶሪያ አጠገብ ሲገኝ 3,106 ካራት፣ ማለትም ከ600 ግራም በላይ ነበር። የአካባቢው የትራንስቫል መንግሥት በ150,000 ፓውንድ ገዛና ለእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ስጦታ አደረገው፤ እንግሊዝ ትራንስቫልን ከያዘችበት ከቦር ጦርነት ማብቂያ ገና አምስት ዓመት ሲቆጠር። አምስተርዳም ውስጥ ተፈልጦ ከወጡት ዘጠኝ ትልልቅ ድንጋዮች ትልቁ፣ 530.2 ካራት የሚመዝነው፣ በእንግሊዝ ነገሥታት በትረ መንግሥት ላይ ነው። ሰማያዊው ሆፕ አልማዝ ደግሞ ዝናውን ያገኘው ባለቤቶቹን ያጠፋል በሚባል የእርግማን ወሬ ነው። የጌጣጌጥ ነጋዴው ካርቲየር በ1911 ለአንዲት አሜሪካዊት ባለጸጋ ሲሸጠው ወሬው ገበያውን አላቀዘቀዘውም፤ እንዲያውም አሟሟቀው። በ1958 ነጋዴው ሃሪ ዊንስተን ለስሚዝሶኒያን ሙዚየም በስጦታ ሲሰጠው በአደራ ፖስታ ነበር የላከው። ሰማያዊነቱ የመጣው ከእርግማን ሳይሆን በውስጡ ካለው ጥቂት ቦሮን ነው።

አሁን ወደ ትንሹ ፈርጥ እንምጣ። አልማዝ ለረጅም ዘመን በአብዛኛው ከሕንድ፣ ከ1720ዎቹ በኋላም ከብራዚል የሚመጣ የጥቂቶች ሀብት ነበር። ከ1867 ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በብዛት ሲገኝ ግን ነጋዴዎቹ ዋጋው እንዳይወድቅ ሰጉ። ሴሲል ሮድስ በ1888 ዲ ቢርስን አቋቁሞ ማዕድኖቹን በአንድ እጅ ሰበሰበ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ወደ ገበያ የሚወጣውን አልማዝ በልክ እየለቀቀ ዋጋውን ለአሥርት ዓመታት ጠበቀ። ፍላጎቱን ደግሞ በማስታወቂያ ፈጠረው፤ «አልማዝ ለዘላለም ነው» የሚለው መፈክር የተጻፈው በ1947 ነው። ጃፓን ውስጥ ዘመቻው በ1967 ሲጀመር የአልማዝ ቀለበት የሚያደርጉ ሙሽሮች ከመቶ አምስት አይሞሉም ነበር፤ በ1981 ወደ 60 ደርሰው ነበር። ዛሬ «ያለ አልማዝ ቀለበት አይታሰርም» የሚለው አስተሳሰብ ለሰፊው ሕዝብ ደንብ ከሆነ ወዲህ ያለው ዕድሜ ከለገሃር ባቡር ጣቢያ ሕንፃ ያነሰ ነው። ይህን የምለው አልማዝ አትግዙ ለማለት አይደለም። ሲያምር ያምራል፤ ብርሃን ሲያገኘው የሚያደርገውን ሌላ ድንጋይ እንደ እርሱ አያደርገውም። «ግዴታ ነው» የሚለውን ብቻ ከወዲሁ ከጠረጴዛው ላይ እናንሣው።

ከማዕድን የወጣ አዲስ አልማዝ

ውዱም፣ ለኅሊና አስቸጋሪውም፣ ሻጮች በልበ ሙሉነት ብዙ የሚናገሩበትም ይኸኛው ነው።

ከ1991 እስከ 2002 በዘለቀው የሴራሊዮን የእርስ በርስ ጦርነት አማፂያኑ የኮኖን የአልማዝ ሜዳዎች ይዘው፣ ሰውን በግዳጅ እያስቆፈሩ፣ ድንጋዩን በጎረቤት ላይቤሪያ በኩል እያወጡ መሣሪያ ይገዙ ነበር። የቀድሞው የላይቤሪያ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ቴይለር በ2012 የ50 ዓመት እስራት የተፈረደበት ከዚሁ ጦርነት ጋር በተያያዘ ወንጀል ነው። አንጎላ ውስጥም ዩኒታ የተባለው አማፂ ቡድን በአልማዝ ገንዘብ ተዋግቷል። ዓለም ሲጮህ የኪምበርሊ ሂደት የተባለው የምስክር ወረቀት ሥርዓት በ2003 ሥራ ጀመረ። ዛሬ ማንኛውም ሻጭ «ይኼማ የኪምበርሊ ወረቀት አለው» ይላል። ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ግን የወረቀቱን ልክ ይወቁ። ሥርዓቱ የሚከለክለው አማፂያን በመንግሥታት ላይ ለሚያካሂዱት ጦርነት ገንዘብ የሚሆነውን ያልተጠረበ አልማዝ ብቻ ነው። በ2008 የዚምባብዌ ወታደሮች ማራንጌ በተባለው የአልማዝ ሜዳ ላይ ከ200 በላይ ሰዎችን መግደላቸውን የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ዘግበዋል። ገዳዩ መንግሥት ስለነበር ድንጋዩ «የግጭት አልማዝ» የሚለው ፍቺ ውስጥ አልገባም። ሥርዓቱ እንዲቋቋም ከታገሉት ድርጅቶች አንዱ የሆነው ግሎባል ዊትነስ በ2011 ጥሎ የወጣውም እንዲህ ባለው ቀዳዳ ተስፋ ቆርጦ ነው።

ሌላም ችግር አለ። ወረቀቱ የሚሰጠው ላልተጠረበ ድንጋይ ጭነት እንጂ ለእያንዳንዱ ፈርጥ አይደለም። ድንጋዩ ሱራት ሕንድ ደርሶ ሲጠረብና ከሌላው ጋር ሲደባለቅ የትኛው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አይኖርም፤ አስቀድሞ ለይቶ የያዘ ካልኖረ በቀር። በ2024 የቡድን ሰባት አገሮች የሩሲያን አልማዝ በሌላ አገር ተጠርቦ ቢመጣም እንኳ ለመከልከል ሲነሡ የገጠማቸው ዋና ፈተና ይኸው ነበር። በዱባይ፣ በራማት ጋን ወይም በአንትወርፕ ትልልቅ ገበያዎች መገዛቱም መነሻውን አይነግርም፤ እነዚህ መተላለፊያዎች እንጂ ምንጮች አይደሉም።

«እንግዲያው የአፍሪካን አልማዝ አልነካም» የሚለው ፈጣን ፍርድ ግን ቦትስዋናን ይጎዳል። ነፃ ስትወጣ ከዓለም እጅግ ድሃ አገሮች አንዷ የነበረችው ቦትስዋና ከ1969 ጀምሮ ከዲ ቢርስ ጋር ዴብስዋና የተባለ የጋራ ኩባንያ አቁማለች፤ ድርሻቸው ዛሬ እኩል ነው። በ1982 ሥራ የጀመረው የጁዋኔንግ ማዕድን በዋጋ ከዓለም ቀዳሚዎቹ ተርታ ነው፤ መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ክሊኒኩም በአብዛኛው የተሠራው በዚህ ገቢ ነው። እዚያም ቢሆን ሁሉ ነገር ንጹሕ አይደለም። ባሳርዋ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ከማዕከላዊ ካላሃሪ መሬታቸው እንዲነሡ ተደርገው በ2006 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድርጊቱ ሕገወጥ ነበር ብሎ ፈርዶላቸዋል። ሆኖም ዜጋ መንግሥቱን ከስሶ የሚያሸንፍበት የአልማዝ አገር መኖሩ ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም። ሴራሊዮንም ብትሆን በ2017 አንድ ፓስተር ያስቆፈሩትን 709 ካራት አልማዝ በድብቅ እንደመሸጥ ለመንግሥት አስረክበው፣ ኒው ዮርክ ላይ በይፋ ጨረታ በ6.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። አንድ ድንጋይ ከጉድጓዱ እስከ ጨረታው በግልጽ ሊጓዝ እንደሚችል አሳይቷል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ አዲስ የማዕድን አልማዝ የሚገዙት ሻጩ ቢያንስ አገሩን፣ ቢቻል ማዕድኑን በጽሑፍ ከነገረዎት ብቻ ይሁን። የካናዳዎቹ ኢካቲና ዲያቪክ፣ የቦትስዋናዎቹም ሊነገር የሚችል አድራሻ አላቸው። የአሜሪካው ጌጣጌጥ ቤት ቲፋኒ ከ2019 ጀምሮ 0.18 ካራትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ለየብቻ የተመዘገቡ ድንጋዮች ምንጫቸውን መግለጽ ጀምሯል። ስለ ውድ ስሞች ብዙ መጥፎ ነገር ማለት እችላለሁ፤ ለዚህኛው ግን ምስጋና ይገባቸዋል። «ድርጅታችን የታመነ ነው» የሚል መልስ መልስ አይደለም።

በኪስ በኩል ጥቂት ነገር ብቻ ልበል። ዋጋው በሙሉ ቁጥሮች ላይ ዘሎ ስለሚወጣ ከ1.00 ካራት ይልቅ 0.90 የሚሆነውን ይጠይቁ፤ በዓይን የሚለየው የለም። ከመጠኑም ይልቅ አጠራረቡን ያስቀድሙ፤ በደንብ ያልተጠረበ ትልቅ አልማዝ ብርሃኑን ከታች በኩል አፍስሶ እንደ መስኮት መስታወት ፈዝዞ ይቀራል። መልሶ ስለ መሸጥ ደግሞ ተስፋ አይጣሉበት። ከሱቁ የገዛ ሰው በሳምንቱ መልሶ ሊሸጠው ቢሄድ ብዙ ጊዜ የከፈለውን ግማሽ እንኳ አያገኝም። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። «ኢንቨስትመንት ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት፣ መቼ በስንት መልሶ እንደሚገዛዎት ጽፎ እንዲሰጥዎት ይጠይቁትና ፊቱን ይመልከቱ።

በላቦራቶሪ የተሠራ አልማዝ

በመጀመሪያ አንድ ስሕተት እናርም፦ ይህ የውሸት አልማዝ አይደለም። ካርቦን ነው፤ ጥንካሬውም፣ ብርሃን አያያዙም ከማዕድኑ ጋር አንድ ነው። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ተመራማሪዎች በ1954 በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ሠርተውታል። ዛሬ ከዚህ ዘዴ በተጨማሪ ካርቦን ካለበት ጋዝ በቀጭን ንጣፍ ላይ ቀስ በቀስ የሚያሳድጉበት መንገድ አለ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2018 ለአልማዝ ከሚሰጠው ፍቺ ላይ «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቃል አውጥቷል። በየወርቅ ቤቱ ያለው የእጅ መመርመሪያ ሙቀት ማስተላለፉን ብቻ ስለሚለካ የላቦራቶሪውን «አልማዝ» ይለዋል፤ ተሳስቶም አይደለም። ከማዕድኑ የሚለየው በልዩ መሣሪያ ብቻ ነው።

ዋጋው ግን ሌላ ዓለም ነው። ዲ ቢርስ ራሱ በ2018 ላይትቦክስ በሚል ስም አንድ ካራት በ800 ዶላር መሸጥ ሲጀምር ገበያው ደነገጠ። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ይበልጥ ወርዶ በ2025 ኩባንያው ላይትቦክስን እንደሚዘጋ አስታወቀ። የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በ2023 ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባለቤት ለጂል ባይደን የሰጡት 7.5 ካራት የላቦራቶሪ አልማዝ በስጦታ መዝገቡ ላይ የተገመተው 20,000 ዶላር ነበር። በዚያ መጠን ጥሩ የማዕድን አልማዝ የቤት ዋጋ ያወጣል።

ኅሊናን በተመለከተ ጉድጓድ የለውም፣ አማፂ የለውም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። «አረንጓዴ ነው» የሚለውን ግን በቀላሉ አልቀበልም። አብዛኛው የሚመረተው በቻይናና በሕንድ ነው፤ ማሽኖቹ ለቀናትና ለሳምንታት ያለማቋረጥ ኃይል ይበላሉ፤ የሁለቱም አገሮች መብራት በብዛት ከድንጋይ ከሰል የሚመጣ ነው። ፋብሪካው በፀሐይ ወይም በውኃ ኃይል እንደሚሠራ በሰነድ ያላሳየ ሻጭ አረንጓዴ የሚለውን ቃል ይተወው። ከዚህም ሌላ የዋጋው መውደቅ የቦትስዋናን በጀት አናግቷል፤ የሱራትን ጠራቢዎችም ከሥራ አፈናቅሏል። ገዢው ተጠያቂ ነው አልልም፤ ነገር ግን «ማንንም አይጎዳም» የሚለው ማስታወቂያ ልክ አይደለም።

ማንን ይመቸዋል? ብርሃኑን የሚወድ፣ መልሶ የመሸጥ ሐሳብ የሌለው፣ በሁለት ደመወዝ ትልቅ ፈርጥ የሚፈልግ ሰው ሳያመነታ ይግዛው። የመልሶ ሽያጭ ዋጋው ከምንም አይቆጠርም። ለሚሰጧት ሰውም የላቦራቶሪ መሆኑን ይንገሩ፤ ፍቅር በምሥጢር ዕቃ ባይጀመር ጥሩ ነው። አደጋው ያለው ሳይነገር በማዕድን አልማዝ ዋጋ ሲሸጥ ነው። በተለይ መሐሉ ያለው ትልቁ ድንጋይ ወረቀት ኖሮት፣ ዙሪያውን የተደረደሩት ጥቃቅን ፈርጦች ሳይመረመሩ ሲያልፉ ነው። «ትንንሾቹስ ምንድን ናቸው?» ብለው ይጠይቁ።

ሞይሳናይትና ዚርኮን በሚሉ ስሞች የሚሸጡት ደግሞ አልማዝ አይደሉም፤ በስማቸውና በዋጋቸው ከተሸጡ ነውር የለባቸውም። ሞይሳናይት ፈረንሳዊው ሄንሪ ሞይሳን በ1893 አሪዞና ውስጥ ከሰማይ የወደቀ አለት ሲመረምር ያገኘው ማዕድን ነው፤ ለጌጥ የሚውለው ሁሉ ግን በላቦራቶሪ የሚሠራ ነው። ጥንካሬው አልማዝ 10 በሚያገኝበት መለኪያ 9.25 ስለሆነ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ የቀስተ ደመና ብልጭታው ከአልማዝ ይበዛል፤ ለአንዳንዱ ሰው ከመጠን ያለፈ ነው። ሙቀትን ስለሚያስተላልፍ የድሮው መመርመሪያ አልማዝ ብሎ ሊያሳልፈው ስለሚችል ከማያውቁት ሰው «አጋጣሚ ነው» ተብሎ በርካሽ የቀረበ አልማዝ ሲገጥምዎት መጀመሪያ እርሱን ይጠርጥሩ። ዚርኮን በሚባለው ኩቢክ ዚርኮኒያ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም፤ ለበዓል ቀን ያምራል፣ በየቀኑ ከለበሱት ጥቂት ዓመት ሳይሞላው ይቧጨራል።

ያገለገለ ጌጥ

ለእሱ አዲስ ጉድጓድ አይቆፈርም፣ አዲስ ከሰልም አይነድም። የዋጋውን ውድቀት የመጀመሪያው ባለቤት ከፍሎልዎታል። አሜሪካና አውሮፓ የምትኖሩ አንባቢዎች በየከተማው ጨረታ ቤትና የቆየ ጌጥ የሚሸጥበት ሱቅ ስላላችሁ ምርጫችሁ ሰፊ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በእጅ የተጠረቡት አልማዞች እንደ ዛሬዎቹ በእኩል ልክ የወጡ አይደሉም፤ በሻማ ብርሃን እንዲያምሩ ታስበው ስለተሠሩ ለስለስ ያለ ገጽ አላቸው። እኔ ይህን ከሱቅ አዲስነት አስበልጣለሁ።

ይህም ቢሆን ከታሪክ ነፃ አያወጣም። በዚያ ዘመን ከደቡብ አፍሪካ የወጣ አልማዝ በአብዛኛው የተቆፈረው በኪምበርሊ በግቢ ተዘግተው፣ በየፈረቃው ልብሳቸውን አውልቀው እየተፈተሹ በሚሠሩ ጥቁር ሠራተኞች እጅ ነው። ልዩነቱ የዛሬው ገንዘብዎ ያንን ሥርዓት አለመመገቡ ነው። ሲገዙ ፈርጡን የያዙት ጥፍሮች እንዳልሳሱ ወርቅ ሠሪ ይይልዎት፤ ሻጩም ዕቃው ከየት እንደመጣ ማስረጃ ከሌለው ስርቆት ሊሆን ስለሚችል ይለፉት።

ባለ ቀለም ድንጋዮችና የደላንታው ኦፓል

በዘመናችን ከታወቁት የቃል ኪዳን ቀለበቶች ሁሉ ዝነኛው የልዕልት ዲያና ነው፤ መሐሉ ላይ ያለው አልማዝ ሳይሆን 12 ካራት የሚሆን ሰማያዊ ሳፋየር ነው። በ1981 ከጌጣጌጥ ቤት ተመርጦ የተገዛ እንጂ ከዘውድ ግምጃ ቤት የወጣ አልነበረም፤ ዛሬ ልዕልት ካትሪን ጣት ላይ ነው። ሳፋየር በጥንካሬ 9 ስለሆነ ለየቀኑ ይሆናል። ትግራይ ውስጥም ከአክሱም ሰሜን ምዕራብ በጭላ አካባቢ ሳፋየር ይወጣል፤ ጉጂ ውስጥ በሻኪሶ አካባቢ ደግሞ መረግድ ተገኝቷል። መረግድ ውስጡ ስንጥቅ ስለሚበዛው በዘይት የመሙላት ልማድ ስላለ ተሞልቶ እንደሆነ መጠየቅና በሚንቀጠቀጥ ማጽጃ መሣሪያ ውስጥ አለማስገባት ይገባል።

ወሎ ውስጥ በደላንታ፣ ወገል ጤና አጠገብ ያለው ኦፓል ከ2008 ጀምሮ የዓለምን ገበያ አናውጧል። አውስትራሊያ ለመቶ ዓመት ብቻዋን ትመራው የነበረውን ገበያ አጋርቷል፤ በአንድ ድንጋይ ውስጥ አረንጓዴ፣ ቀይና ሰማያዊ እሳት ሲገላበጥ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። በአንድ ካራት ከአልማዝ ጋር ሲወዳደር ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል ነው። ግን አስቸጋሪ ጠባይ አለው። ጥንካሬው ከ5.5 እስከ 6.5 ብቻ ስለሆነ በአሸዋና በአቧራ ይቧጨራል። የወሎው ዓይነት ደግሞ ውኃ ይጠጣል፤ ሲርስ ግልጽ ይሆንና ቀለሙ ይጠፋል፣ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ይመለሳል። ሽቶ፣ ቅባትና ሳሙና ግን ገብተው ሊቀሩበት ይችላሉ። ስለዚህ ለጆሮ ጌጥና ለአንገት ሐብል ግሩም ነው፤ ሽንኩርት ለምትከትፍና ልብስ ለምታጥብ እጅ ቀለበት ላይ ከሆነ ብዙ አይቆይም። ጥቁር ሆኖ የቀረበልዎ የወሎ ኦፓል ብዙ ጊዜ በጭስ ወይም በቀለም የጠቆረ ነው፤ ቢገዙትም እያወቁ ይሁን።

«የአገር ነውና ንጹሕ ነው» የሚለውን ደግሞ አልልም። የደላንታ ቆፋሪዎች ገደል ላይ ወደ ጎን ዋሻ እየማሱ ነው የሚያወጡት፤ አፈር ተደርምሶ የሚቀጥፈው ሰው አለ። ያልተጠረበው ድንጋይ በኪሎ እየተሸጠ ሲወጣ ትርፉ ሌላ አገር ይቀራል። አዲስ አበባ ወይም ደሴ ውስጥ የተጠረበ ኦፓል መግዛት ከስሜት ያለፈ ጥቅም የሚኖረው በዚህ ነው፦ የጠራቢው ደመወዝ እዚሁ ይቀራል፤ ጠራቢው ብዙ ጊዜ ድንጋዩን ማን እንዳመጣለት ስለሚያውቅም ጥያቄዎ መልስ ያገኛል።

ወርቅ ብቻ

ጥሎሹም፣ የክፉ ቀን መጠባበቂያውም፣ በዓረብ አገር የሚሠሩ እህቶቻችን ላባቸውን የሚያስቀምጡበትም ወርቅ ነው፤ በዚህ ረገድ ከአልማዝ ማስታወቂያ ይልቅ የእናቶቻችን ስሌት ትክክል ነው። ወርቅ በየትኛውም አገር በዕለቱ ዋጋ በግራም ይሸጣል። የሚጠፋው የእጅ ሥራ ዋጋው ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ መምታታት አለ፦ ለፈርጥ ካራት ክብደት ነው፣ አንድ ካራት 0.2 ግራም፤ ለወርቅ ግን የንጽሕና ልክ ነው። 24 ካራት ንጹሕ፣ 21 ካራት 87.5 በመቶ፣ 18 ካራት 75 በመቶ ወርቅ ያለበት ነው፤ ማኅተሙም 875 ወይም 750 ይላል። ለፈርጥ መያዣ 18 ካራት ይሻላል፤ 21 ለስለስ ስለሚል ጥፍሩ ሊከፈት ይችላል።

ዚርኮን ያለበት ወርቅ ሲገዙ ድንጋዩ ከወርቁ ጋር አብሮ ተመዝኖ እንደሆነ ይጠይቁ። ሲሸጡ እንደሚቀነስብዎት እርግጠኛ ይሁኑ፤ ሲገዙም ይቀነስልዎት።

ወርቅም ንጹሕ እጅ የለውም። በባሕላዊ መንገድ የሚቆፍሩ ሰዎች ወርቁን ለመለየት የሚጠቀሙት ሜርኩሪ ውኃውንም ሰውንም ይመርዛል። በ2018 በለገ ደምቢ የወርቅ ማዕድን አካባቢ ነዋሪዎች ኬሚካሉ ልጆቻችንን ጎዳ ብለው ተቃውሞ አሰምተው ፈቃዱ ታግዶ ነበር። ለዚህ የማውቀው ጥሩ መልስ አሮጌ ወርቅን አቅልጦ ማሠራት ነው። የተበጠሰ ሐብል፣ አንዱ የጠፋ የጆሮ ጌጥ፣ ከአያት የተረፈ ቀለበት ካለዎት ወርቅ ሠሪው ፊትዎ ላይ መዝኖ፣ ካራቱን አይቶ፣ አዲስ ቀለበት ይሠራልዎታል። ከአማራጮቹ ሁሉ መነሻው በእርግጠኝነት የሚታወቀው እርሱ ነው። ለብዙ አንባቢ የምመክረውም ይህንኑ ነው፤ ፈርጥ ካማረዎት በላዩ የላቦራቶሪ አልማዝ ወይም ሳፋየር ያስቀምጡበት።

ሱቁ ውስጥ

ዝነኛ ስም ካለው ቤት ሲገዙ የሚከፍሉት ለድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ ለሳጥኑ፣ ለመንገዱ ኪራይና ለማስታወቂያውም ጭምር ነው። ያንን ድንጋይ የሚመስል፣ ያው ወረቀት ያለው ፈርጥ ከማይታወቅ ወርቅ ሠሪ በብዙ ቅናሽ ይገኛል። ስሙ ደስታ ከሰጠዎት ይክፈሉ፤ ለጥራት ነው ብለው ራስዎን ግን አያታልሉ።

ከግማሽ ካራት በላይ ለሆነ አልማዝ የገለልተኛ ላቦራቶሪ ሪፖርት ይጠይቁ። በ1931 የተቋቋመው የአሜሪካ የዕንቁ ጥናት ተቋም፣ በአጭሩ ጂአይኤ፣ ይበልጥ የሚታመነው ነው። ሻጩ ራሱ ያተመው «ሰርተፊኬት» ከደረሰኝ ያለፈ ዋጋ የለውም። የሪፖርቱ ቁጥር ብዙ ጊዜ በድንጋዩ ወገብ ላይ በሌዘር ይጻፋል፤ ሻጩ በማጉያ መነጽር ያሳይዎት፣ ቁጥሩን በተቋሙ ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ክብደቱና ልኬቱ መመሳሰሉን ያረጋግጡ። ስንጥቁ በመስታወት ተሞልቶ ወይም በሌዘር ተበስቶ እንደሆነም ይጠይቁ፤ የተሞላ አልማዝ ለጥገና ሲሞቅ ሊበላሽ ይችላል።

የተነገረዎት ሁሉ ደረሰኙ ላይ ይስፈር፦ የማዕድን ወይም የላቦራቶሪ መሆኑ፣ የመጣበት አገር፣ የተደረገለት ማሻሻያ፣ የወርቁ ካራትና ያለ ፈርጡ ያለው ግራም፣ የመመለሻው ቀነ ገደብ። ሻጩ በቃል የነገረዎትን ለመጻፍ ካቅማማ ገንዘብዎን ኪስዎ አድርገው ወደ ሚቀጥለው ሱቅ ይሂዱ።